የእጣቢው ገንዳ ፍጡር

ስለ ማስረሻ የሚወራውን ሁሉ አትስሙ። እዚህ ጎጃም በረንዳ ወሬ ከጋሪ ይፈጥናል፤ ጠዋት ያስነጠሰ ሰው ወሬው ሲኒማ ራስ ሲደርስ ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል ይባላል። እብድ ነው ይሉታል። ውሃ ያመልካል ይሉታል። አንዷማ፣ ስሟን አልጠራም፣ መተት ይሠራል ብላ ልጆቿን በማር ቤቱ ደጅ እንዳያልፉ ከልክላለች። እኔ ውባንቺ ከማር ቤቱ ጎን ጀሪካንና ባዶ በርሜል ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ማስረሻን አፍንጫውን መጥረግ ሳይችል ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁና ከዚያ ወዲያ ብትፈልጉ እብድ በሉት፣ እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። እሱም ከሆነልኝ ነው።

አባቱ ተሸካሚ ነበር። የማር ቤቱን ባለቤት የጋሼ ሀብተ ወልድን የማር ጣሳ ከመኪና ሲያወርድ፣ መጋዘን ሲከት ኖሮ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ሞተ። ጋሼ ሀብተ ወልድ ደግሞ ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው እትዬ ቃሊ ስንት ጠበል ተንከራተው፣ ስንት ስለት ተስለው፣ ሳይሆንላቸው ነው ያረፉት። ሽማግሌው የተሸካሚያቸውን ልጅ ወስደው አስተማሩት። ዩኒፎርም ገዙለት፣ ሲታመም ሐኪም ቤት አመላለሱት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ ራጉኤል በር ላይ ቆመው ቤተ ክርስቲያን ሳሚውንም መንገደኛውንም "ልጄ ገባ፣ ልጄ ገባ" እያሉ ሲያስቸግሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ግን አባባ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፤ ጋሼ ነው የሚላቸው። ዓይን አፋር ነው። ዓይን አፋርነቱ እኔን ያናድደኛል፤ ለመርካቶ የተፈጠረ ሰው አይደለም።

ባዮሎጂ ተማረ፣ ሁለተኛ ዲግሪውንም ያዘ። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሲያስተምር ቆየና ኮሌጁ ባዮሎጂ ፈላጊ የለውም ብሎ ክፍሉን ዘጋበት፤ በቦታው አካውንቲንግ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያልጠናው ደጅ የለም። ጫማው እስኪያልቅ ዞረ። ሚስት አግባ፣ ሰው ሁን፣ ስለው ይስቃል። በመጨረሻ ጋሼ ሀብተ ወልድ ጠሩትና፣ ሥራ እስክታገኝ ማር መዝንልኝ አሉት። ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ ማር ይመዝናል።

አሁን ስለ ገንዳው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። በማር ቤቱ ጓሮ ከማንም ዕድሜ የሚበልጥ የድንጋይ ገንዳ አለ። ማር የመጣበት ጣሳ ከተራገፈ በኋላ ይታጠባል። የመጀመሪያው እጣቢ ጣፋጭ ስለሆነ አይደፋም፣ ጠጅ ጣዮች ይወስዱታል። የመጨረሻው፣ የማር ሽታ ብቻ የቀረው እጣቢ፣ እዚያ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሰፈፍ የደረቀበት ጣሳም እዚያው ይዘፈዘፋል። ዝናብ ይጨመርበታል፣ ቅጠል ይወድቅበታል። ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ ያዳልጥ ነበር። እኔ እጄን አልነክርበትም፣ እውነቱን ለመናገር ዓይኔንም አላሳርፍበትም ነበር።

ማስረሻ አንድ ቀን ሚናለሽ ተራ ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር መሃል የተጣለ ማይክሮስኮፕ አገኘ። ሻጩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሥጋ መፍጫ ነው፣ እጀታው ጠፍቶ ነው ብሎ ሸጠለት ይባላል፤ ይሄ ግን የሽኩር ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም። ሽኩር ከፊት ለፊቴ ሳሙናና በረኪና የሚያከፋፍል የስልጤ ልጅ ነው፣ ምላሱ መርዝ ልቡ ቅቤ። ብቻ ማስረሻ ያን ነገር ፈታትቶ፣ ወልውሎ፣ መስታወቱን አስተካክሎ አሠራው። እሁድ እሁድ፣ መርካቶ ዘግቶ ጋሪ በማይንቀሳቀስበት ቀን፣ ከቅዳሴ ወጥቶ ወደ ጓሮው ይገባል። ከገንዳው በጠብታ ይቀዳና እስከ ማታ ተደፍቶ ያያል። ሠፈሩ ሙድ ያዘበት፤ "ዶክተር ገንዳ" የሚል ስም ወጣለት። እሱ ሲጠሩት አቤት ይላል። እንደዚህ ያለ ሰው ነው።

እኔም ነገሩ ሲበዛብኝ አንድ እሁድ ገባሁና ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት። ቦታውን ለቀቀልኝ። አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ ከታገልኩ በኋላ አየሁት። ተልባ የምታክል፣ ተልባ የምትመስል፣ ጥርት ያለች ነገር ነች። ዙሪያዋን ሽፋሽፍት አለባት፤ በሽፋሽፍቷ እየቀዘፈች ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ታስብ ይመስል ትዞራለች፣ መልሳ ትሄዳለች። ሲሊየት ይባላል አለኝ። መላ አካሏ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ግን ትበላለች፣ ትሸሻለች፣ ለሁለት እየተከፈለች ትራባለች። ዓይነቷ በየኩሬውና በየወንዙ እልፍ ነው። ይህቺኛዋ ግን ከኋላዋ እንደ ጅራት የተዘረጋ አንድ ረጅም ጸጉር አላት፣ አፏም ከሌሎቹ በተለየ ወደ ጎን ተጠማዟል። ያልገለጠው መጽሐፍ፣ ኢንተርኔት ላይ ያላሰሰው ነገር የለም፤ እሷን የሚመስል አላገኘም።

እንዴት ነው የምትለዩት፣ እንደ ከብት ግንባሯ ላይ ቦቃ የላትም ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን ቀልድ አይገባውም፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው የሽፋሽፍቱ ረድፍ ብዛት ነው፣ አፉ ዙሪያ ያለው ጸጉር አደራደር ነው፣ መሃል ሆዱ ላይ ያለው አስኳል ቅርጽ ነው። ያን ሁሉ ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ ስሎ፣ ከታወቁት ሁሉ እንደሚለይ ያሳየ ሰው አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ለዓለም ያቀርባል። ዓለም ከተቀበለው ያገኘው ሰው ስም ያወጣል። ስሙ አንዴ ከተጻፈ አይፋቅም፤ ማንም ንጉሥ፣ ማንም ፓርቲ አይሽረውም።

"በራስህ ስም ልታወጣላት ነዋ?" አልኩት።

ፊቱ ቀላ። "በጋሼ ሀብተ ወልድ" አለኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ትል በሰው ስም ይጠራል እንዴ አልኩት። ትል አይደለችም እትዬ ውባንቺ አለና፣ ጋሼ ልጅ እንደሌላቸው፣ ስማቸውን የሚይዝ ሰው እንደሌለ፣ እሱ ደግሞ ለዋሉለት ውለታ የሚከፍለው ምንም ነገር እንደሌለው፣ ሲሞቱ ስማቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ማድረግ የሚችለው ይህን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እየተንተባተበ ነው የተናገረው። አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላለቀስኩትን ለአንዲት ሽፋሽፍታም ነገር አለቀስኩ።

ለሰው እንዳትናገሪ ብሎ በራጉኤል አስማለኝ። ሲታተም ድንገት ሊያሳያቸው ፈልጓል፣ አንድ እሱ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። ማር ቤት ጓሮ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ተገኘ የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ አበቃ፤ ከማሩ ጋር የማይነካካ እጣቢ ነው ብትል ማን ይሰማሃል? ሐሙስ የወጣ ወሬ ቅዳሜ የጋሼን ማር ትል በልቶታል ይሆናል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ስኳር ያልነካው ማር ሸጠው ያቆዩትን ስም ማስረሻ ሊያጠፋ አልፈለገም። ስለዚህ ጋሼም ምንም አያውቁም ነበር። ልጁ ውሃ ያጠናል፣ ይኸው ነው የሚያውቁት።

ጽፎ ወደ ውጭ አገር መጽሔት ላከ። አልተቀበሉትም። አልሰደቡትም፣ በደንብ አንብበውለታል፤ ግን በቂ አይደለም አሉት። ያኔ ነው አብራው የተማረችውን፣ ዛሬ አራት ኪሎ የራሷ ላቦራቶሪ ያላትን ዶክተር ሃናን የፈለጋት። ሃና ኮራ አላለችበትም። አንድ እሁድ፣ ጋሼ በሌሉበት፣ ማር ቤቱ ድረስ መጥታ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች፣ በማይክሮስኮፑም አየች፣ ከዚያ ግልጹን ነገረችው። የመጽሔቱ ሰዎች ልክ ናቸው። የታወቀ ዝርያ ሆኖ ማር ያለበት ውሃ ውስጥ በመኖሩ ቅርጹ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጥርጣሬ ሳያጠፋ አዲስ ነው ማለት አይችልም። ረድፉ መቆጠር ያለበት በብር፣ የጌጡን ብር ማለቴ ነው፣ ከተቀለመ በኋላ ነው፤ የብሩ ውህድ እያንዳንዱ ጸጉር የበቀለበትን ነጥብ ያጠቁረዋል፣ ያኔ ማንም አይቶ ይቆጥራል። ማስረሻ ጊዜው ባለፈ ኬሚካል ሊያቀልም ሞክሮ ሁሉንም ጥቀርሻ አድርጎታል። ከዚያ ደግሞ ዘረ መሉ መነበብ አለበት። በመጨረሻም የተቀለመው ናሙና ሙዚየም ገብቶ ምስክር ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ምስክር የሌለው ዝርያ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ሁሉ በሕይወት ያለ፣ ብዙ፣ ትኩስ ያስፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያቺ ነገር ከገንዳው ውጭ አትኖርም። ብልቃጥ ውስጥ አኖራት፤ የማር ጠብታ ጨመረላት፣ ሩዝ ጨመረላት፣ ጨለማ ውስጥ አስቀመጣት፣ መስኮት ላይ አስቀመጣት። ትንሽ ቀናት ትዋኛለች፣ ከዚያ ታብጥና ትፈነዳለች። ሃና ላቦራቶሪ ለማድረስ ጉያው ውስጥ ሸሽጎ በታክሲ ወሰዳት፤ እዚያ ሲደርስ ብልቃጡ ውስጥ ሕይወት አልነበረም። ሃና ራሷ ከነዕቃዋ መምጣት አለባት፣ ከገንዳው ቀድታ እዚያው ማቅለም፣ እዚያው ለዘረ መል ምርመራ በአልኮል ማስቀመጥ አለባት ተባለ። ቀን ተቆረጠ። ማስረሻን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ማር እየመዘነ ያፏጭ ነበር። ማስረሻ ያፏጫል ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም አያምናችሁም።

ለጋሼ ግን መንገር ነበረበት፤ ቀኑ የሥራ ቀን ነው፣ ቤታቸው ሰው ሲመጣ ሳያውቁ አይሆንም። ጋሼ፣ ነገ ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ ይመጣል፣ ገንዳውን ማየት ይፈልጋሉ አላቸው። ይህን ብቻ ነው ያለው። ሽማግሌው ለምን ብለው አልጠየቁም። ስንት ናቸው፣ ብለው ነው የጠየቁት።

በነጋታው ማስረሻ በማለዳ አራት ኪሎ ሄደ፣ ዕቃዋን አብሯት ሊሸክም። እኔ የእድር ሰው ሞቶብን ኮልፌ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ያን ቀን የሆነውን የነገረኝ ሽኩር ነው፤ ሲነግረኝ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ነው፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ጋሼ ጠዋት ጓሮ ገብተው ገንዳውን አዩት። ስንት ዘመን ሲያዩት የኖሩትን ገንዳ ያን ቀን በእንግዳ ዓይን አዩት። አረንጓዴውን አዩ፣ የተንሳፈፈውን ቅጠልና ሰፈፍ አዩ፣ ሽታው ሸተታቸው። የተማረ ሰው መጥቶ ይሄን አይቶ ልጄ ያፍራል፣ አሉ። ተሸካሚዎቻቸውን ሰበሰቡ፣ ሽኩርን ጠሩት። ሽኩር በረኪና በካርቶን ተሸክሞ መጣና፣ ለዶክተር ገንዳ ነው፣ የኔ ስጦታ ነው ብሎ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ውሃውን ወደ ቦዩ ለቀቁት። ልጆቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡና ደለሉን በአካፋ ዛቁት፣ ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ እየተቀበለ ጠራርጎ ወሰደው። ግድግዳውን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት። በበረኪና አጠቡት፣ ደገሙት። ፀሐይ ብልጭ ስትል ኖራ ቀቡት። ከዚያ ከቧንቧ ንጹህ ውሃ ሞሉበት። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነው ያሠሩት፣ ምሳ እንኳን አልበሉም።

ማንን እንደምወቅስ ቢነግሩኝ እንዴት ይቀለኝ ነበር። እኔ ሰው ሳልወቅስ መዋል የማልችል ሴት ነኝ፣ እዚህ ግን የምይዘው አጣሁ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ምን እናደርጋለን? እኔ ቤት እንግዳ ቢመጣ መጀመሪያ መጥረጊያ ነው የማነሳው። እናንተም እንደዚያው ናችሁ።

ከለቅሶ ስመለስ የበረኪናው ሽታ ከመንገዱ ጥግ ተቀበለኝ። የሽኩር ዕቃ ተሰብሮ ነው ብዬ ነበር። ጓሮ ስገባ ገንዳው እንደ ሠርግ ቤት ነጭ ሆኖ ቆሟል። የጣሳ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ የተወለወለ ወንበር ደርድረው፣ ለስላሳ በትሪ አስቀርበው፣ የቅዳሴ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። አንድ ነገር ለማለት አፌን ስከፍት ማስረሻና ሃና ሳጥን ተሸክመው በበሩ ገቡ።

ማስረሻ ገንዳውን አየና ቆመ። እጁ ላይ ያለውን ሳጥን አልጣለውም። በቀስታ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሃናም አየች። የሷ ፊት ግን ሁሉንም ተናገረ፣ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ማስረሻ ዞር ብሎ አያት። አፏን ዘጋች።

"ምነው ልጄ፣ ደስ አላለህም?" አሉት ጋሼ።

"ደስ ብሎኛል ጋሼ" አለ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል።"

ሃና የምታደርገው ስታጣ፣ የመጣችበትን አደረገች። ማይክሮስኮፗን ከሳጥን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ከገንዳው ውሃ ቀዳች፣ ከላይም ከሥርም ከጥግም ቀዳች። መስታወት ላይ ጠብ አድርጋ ማየት ጀመረች። ለረጅም ጊዜ አየች፣ ጠብታ ቀየረች፣ ደግማ አየች። ማስረሻ ከኋላዋ ቆሞ እጆቹን ጨብጧል። እኔ በልቤ ራጉኤልን እየለመንኩ ነበር፤ አንዲት፣ አንዲት ብቻ። ሃና ቀና ስትል ዓይኗን አየሁትና ልመናዬን ተውኩት።

ጋሼ ሁሉንም በትዕግሥት ሲከታተሉ ቆይተው፣ ንጹህ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። በጣም ንጹህ ነው አባባ አለቻቸው። ሽማግሌው ይህን የመሰለ ነገር ከተማረ ሰው አፍ ሰምተው በዚያ ሊበቃቸው አልቻለም፣ እኔም ልይ አሉ። ደግፈን አስጎነበስናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ብርሃኑ ግንባራቸው ላይ ይታይ ነበር።

"ምንም የለም" አሉ። ቀና ብለው ሁላችንንም አዩን፤ እንደ ሕፃን ነበር ደስታቸው። "ውባንቺ፣ ነይ እይ። የሀብተ ወልድ ገንዳ ምንም የለበትም።"

ሄጄ አየሁ። ባዶ ክብ ብርሃን ብቻ። ያቺ እየቀዘፈች ትሄድ የነበረች፣ ቆም ብላ የምትዞር ነገር የለችም። እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ምንም የለበትም አልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ዋሽቼ ሸጫለሁ፤ የዚያን ቀኗ እውነት ግን ከሁሉም ውሸቴ ከበደችኝ።

ከዚያ ሽማግሌው ማስረሻን ጠሩትና ትከሻውን ያዙት። ሰው ፊት እንዲህ አድርገው ይዘውት አያውቁም።

"እግዚአብሔር ልጅ ነሳኝ እያልኩ ሳዝን ኖሬያለሁ" አሉት። "ዛሬ የተማረ ሰው ቤቴ አምጥተህ ስሜን አስጠራህልኝ። ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም።"

ማስረሻ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሲነሳ ፊቱ ርሷል፣ እሳቸው የደስታ ነው ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለት።

ሃናን እስከ ሲኒማ ራስ ታክሲ ድረስ ሸኘናት። ሳጥኑን እኔ ያዝኩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ነገረችን። ከእነዚህ ፍጥረታት አንዳንዶቹ ክፉ ቀን ሲመጣ ይጠቀለሉና ቅርፊት ለብሰው ይተኛሉ። ምናልባት በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከኖራው ሥር፣ የተረፈ ይኖር ይሆናል። እጣቢው እንደ ድሮው ቢደፋበት፣ ግድግዳው ተመልሶ አረንጓዴ ቢሆን፣ ዝም ብለን ብንጠብቅ፣ ዓመትም ይፍጅ ሁለት፣ ሊነቃ ይችላል። ተስፋ አድርጉ ግን አላለችም። ሥዕሉንስ፣ ፎቶውንስ ይዘን አንሞክርም ወይ አላት ማስረሻ። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ ማስሬ፣ እኔም አንዴ ነው ያየሁት፣ በዚህ አይቀበሉንም አለችው። ደግ ልጅ ናት፣ ታክሲ ውስጥ ገብታ ነው ያለቀሰችው።

ማስረሻ የሽቦ ብሩሾቹን ሰበሰበ፣ ከአካፋው ላይ የደረቀውን ጭቃ ፋቀ፣ ቦዩን ተከትሎ እስከ ታች ድረስ እየቀዳ ወረደ። ሁሉንም ብልቃጥ ውስጥ ከቶ ግማሹን ለሃና ላከ፣ ግማሹን ራሱ ያዘ። በየብልቃጡ ሕይወት መጣ፣ አልመጣም አልልም። የመጣው ግን በየኩሬው ያለው፣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የነጠላ ጫማ ቅርጽ ያለው ነው። የሷ ዓይነት አንድ እንኳን አልመጣም። የሃና ብልቃጦችም እንደዚያው ሆኑ።

ጋሼ በበኩላቸው አዋጅ አወጁ። ከእንግዲህ ገንዳው ውስጥ እጣቢ የሚደፋ ሰው ከሥራ ይሰናበታል። ጣሳ የሚዘፈዘፍበት በርሜል ከኔው ገዙ፤ እኔው ሸጥኩላቸው፣ ምን አባቴ ልበል። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ጓሮ እያስገቡ ያሳያሉ፣ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ በመሣሪያ መርምሮ ምንም የለበትም እንዳለ ይናገራሉ። ሽኩርም ነገሩን ሰምቷል፣ እኔ ነኝ አንድ ቀን አፌን መያዝ ሳልችል የነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ዶክተር ገንዳ ብሎ አይጠራውም። ማስረሻን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አንድ ከሰዓት ሚዛኑ ፊት ቆሜ ተቆጣሁት። ንገራቸው አልኩት፤ እጣቢው እንዲመለስ፣ ኖራው እንዲፋቅ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይረዱሃል። ማሩን ከሚዛኑ ላይ አወረደ፣ እጁን ጠረገ።

"ምን ብዬ እትዬ ውባንቺ?" አለኝ። "ስምዎን በገዛ እጅዎ አጠፉት ልበላቸው?"

ሠፈሩ አሳሩን አየ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ስጣላ ዋልኩ።

ያም ሆኖ ማስረሻ ስንጥቁን ተስፋ ያደርግ ነበር። አይናገርም እንጂ አውቃለሁ። ጋሼ ሳያዩ የገንዳውን ጥግ በጣቱ እየዳበሰ፣ ኖራው የተላጠበትን እያየ፣ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ብቅ ያለባትን ቦታ በሰሌን ሸፍኖ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው የቀረው፣ መጠበቅ ደግሞ ያውቅበታል።

ጥቅምት ላይ ጋሼን ጉልበታቸው ከዳቸው። ጎንበስ ማለት፣ ገንዳውን እየዞሩ ማየት አልቻሉም። ማስረሻን ጠርተው የሽቦ ብሩሹንና አንድ ጀሪካን በረኪና ሰጡት። ይሄን ገንዳ ለሌላ ሰው አላምነውም፣ ካሁን በኋላ ያንተ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አንተው እጠብልኝ፣ ስንጥቁ ሳይቀር፣ አሉት። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ባዶ በርሜል ላስረክብ መጥቼ። ማስረሻ ብሩሹን አየው፣ እሳቸውን አያቸው። እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፣ እንዲያውም እምቢ በል እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። እሺ ጋሼ አለ።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ይገባል። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ ከዚያ ሰሌኑን ያነሳል፣ ከዚያ ስንጥቅ በስንጥቅ ይፈገፍጋል። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ እዚያ ጥግ ቀርቷል ልጄ ይሉታል። እሱም ወደ ጥጉ ይሄድና በረኪናውን ያፈስበታል።